ይሉኝታዎን ከጫማዎ ጋር

ዮጋ የሚጀምር አበሻ ሁሉ በወገቡ ያሳብባል። «መንፈሴን ላሳርፍ ብዬ ነው» ብሎ የተመዘገበ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እንዲህ ብሎ ቢናገርማ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «ምን ነክቶት ነው?» ይላል፤ አክስት ያለችው እንደሆነ ደግሞ በማግስቱ ጠበል ይወሰዳል። ወገብ ግን የተከበረ ሕመም ነው። ወገቡን የሚያመው ሰው የደከመ፣ ቤተሰብ ያስተዳደረ፣ ለዓመታት ወንበር ላይ ተጣብቆ ፋይል ያገላበጠ ሰው ነው። ስለዚህ «ሐኪሙ ናቸው ያዘዙልኝ» ይባላል፤ ሐኪሙ ያሉት «ትንሽ ይንቀሳቀሱ» ብቻ ቢሆንም።

ለመግባት ሳይሆን ላለመግባት የሚቀርበው ሰበብ ደግሞ «ሰውነቴ ደረቅ ነው፤ አይታዘዝልኝም» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው በስልኩ ላይ አንዲት ሴት እግሯን ማጅራቷ ላይ ሰቅላ ፈገግ ስትል አይቷል፤ ዮጋ ማለት እሱ መስሎታል። ለእንዲህ ያለው ሰው የህንዳዊውን የዮጋ መምህር የቢ. ኬ. ኤስ. አየንጋርን ታሪክ መንገር እወዳለሁ። አየንጋር የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1918 መጨረሻ ነው፤ እኛ የኅዳር በሽታ ያልነው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን አዳርሶ ህንድንም ሲያጭድ በነበረበት ጊዜ። ልጅነታቸውን ወባ፣ ታይፎይድና የሳንባ ነቀርሳ ተቀራመቱት። የእኅታቸው ባል ክሪሽናማቻርያ ስመ ጥር የዮጋ መምህር ነበሩ፤ ግን ወደ ማይሶር ካስመጡት ከዚህ ከሲታና ደረቅ ልጅ አንዳች ነገር ይወጣል ብለው አልጠበቁም። አየንጋር አድገው እ.ኤ.አ. በ1966 «ላይት ኦን ዮጋ» የተባለውን ዝነኛ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ዕድሜያቸውም 95 ደረሰ። እርስዎ ጣትዎ የእግርዎን አውራ ጣት አልነካ ስላለ የሚያፍሩበት ምክንያት የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አዲስ ሰው ወደ ክፍሉ ይዞት የሚገባው ከባድ ሸክም ወገቡም ጭኑም አይደለም፤ ይሉኝታው ነው። ጡንቻ ቀስ እያለ ይለሰልሳል። ይሉኝታ ግን ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው ነውና፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ከማናውቀው ሰው ፊት መሬት ላይ እንንደባለል ሲባል ያምፃል።

አመፁን የሚጀምረው ገና ስልክ ሲደውሉ ነው። «ክፍሉ ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «ስድስት ተኩል» ይባላሉ። በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ደግሞ መጠየቅ ያሳፍራል፤ ዘመናዊ ቦታ የደወለ ዘመናዊ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። ይጠይቁ! የውጭ ዜጎች የሚያዘወትሩት ቦታ ከሆነ ሰዓቱ በፈረንጅ መሆኑ አይቀርም። ያልጠየቀ ሰው ምሳውን ትቶ፣ ታክሲ ተጋፍቶ፣ በቀትር ፀሐይ የተቆለፈ በር ፊት ይቆማል። ክፍሉ የሚከፈተው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። ዘበኛው «ማንን ፈልገው ነው?» ሲሉት ደግሞ ያው ይሉኝታ «ቤት ተሳስቼ ነው» ያሰኘዋል።

በዚያ ላይ ክፍሉ በተባለው ሰዓት ይጀመራል። ሠርጉም ስብሰባውም ስለሚጠብቀን ይህ ብዙዎቻችንን ያስደነግጣል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን የሚያዳምጥባቸው ናቸውና፣ ብዙ ቦታ በሩ ይዘጋል። አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ።

ስለ ምግብ ልናገር። ከክፍሉ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ከበድ ያለ ነገር አይበላም። ይህን ምክር በየትኛውም ሀገር ይሰጡታል፤ ሁዳዴን በሽሮ፣ በምስርና በባቄላ ለምንገፋው ለእኛ ግን ልዩ ክብደት አለው። ዮጋ ውስጥ በጀርባ ተኝቶ ሁለቱን ጉልበት ወደ ደረት ማቀፍ የሚባል ነገር አለ። በሳንስክሪት ስሙ ፓቫናሙክታሳና ነው፤ ነፋስ የሚለቀቅበት አቀማመጥ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ሊቀልዱ አልፈለጉም፤ ሥራውን አይተው ነው። ሽሮ በልቶ የመጣ ጨዋ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ማየት ያሳዝናል። ጉልበቱን አቅፎ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ይታገላል፤ አሰልጣኟ ደግሞ ከፊት ሆና ለስለስ ባለ ድምፅ «ልቀቁት፤ ሁሉንም ልቀቁት» ትላለች። ቢያመልጥዎስ? ምንም አይሆንም። አሰልጣኞች ሰምተውት የማያውቁት ድምፅ የለም፤ የቀረው ሰው ደግሞ የራሱን በመቆጣጠር ተጠምዷል።

የልብስ ነገር ቀላል ነው። የሚለጠጥ ቱታ ወይም ታይት ይበቃል። ጂንስ አይሆንም፤ ስፌቱ የሚተረተርበትን ቦታ መናገር አያስፈልገኝም። ይሉኝታ ያለው ሰው ሰውነቱን ለመሸፈን ሰፊ ቲሸርት ይለብሳል፤ አቀርቅሮ ዳሌውን ወደ ሰማይ ሲያነሣ ቲሸርቱ ተንሸራቶ ፊቱን ይሸፍንና ሊደብቀው የፈለገውን ሆድ ለአደባባይ ያወጣዋል። ጠበቅ ያለ ይልበሱ፣ ወይም ሱሪዎ ውስጥ ይክተቱት። ጋቢ ከያዙ መልካም ነው፤ የአዲስ አበባ ምሽት ላብ የያዘው ሰውነት ላይ ሲያርፍ ይበርዳል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ መተኛት አለ።

ጫማ በር ላይ ይወልቃል። በዚህ በኩል ዓለምን እንበልጣለን፤ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም አስለምዶናል። ችግሩ ካልሲው ላይ ነው። እሱም መውለቅ አለበት፤ ምንጣፉ ላይ ያንሸራትታልና። እዚህ ጋ ስንቱ የተከበረ ሰው ሲያቅማማ አይቻለሁ! አንዱ ጥፍሩን አልቆረጠም፤ ሌላው አውራ ጣቱ በካልሲው ቀዳዳ ብቅ ብሏል። ዋዜማውን ጥፍር መቁረጥ ከማንኛውም የዮጋ መጽሐፍ ይልቅ ያዘጋጃል።

ቀጥሎ የቦታ ምርጫ ይመጣል። እዚህ ይሉኝታ ሰውን እየጎተተ የሚወስደው ወደ ኋላ ግድግዳ ነው፤ «ከኋላ ሆኜ እያየሁ እሠራለሁ» በሚል ስሌት። ስሌቱ እስከ ክፍሉ አጋማሽ ይሠራል። ከዚያ አሰልጣኟ «አሁን ዞር በሉ፤ በሌላው እግር እንድገመው» ትላለች። ክፍሉ ሁሉ ፊቱን ወደ ኋላ ግድግዳ ያዞራል፤ እርስዎም የፊተኛው ረድፍ ላይ ብቻዎን ቀርተዋል፤ ከፊትዎ የሚያዩት ሰው የለም፤ ከጀርባዎ ያለው ሁሉ እርስዎን ያያል። መሐል ይቀመጡ። በየትኛውም በኩል ሲዞሩ የሚኮርጁት ሰው አያጡም።

ወንድ ከሆኑ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለብዎት። ክፍሉን ቃኝተው «ይሄ የሴቶች ነገር ነው እንዴ?» ይላሉ። ታሪኩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ቢያውቁ ይገርምዎታል። ክሪሽናማቻርያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ማይሶር ቤተ መንግሥት ውስጥ ያሠለጥኗቸው የነበሩት ወንዶች ልጆችን ነበር። ኢንድራ ዴቪ የተባለች ሪጋ የተወለደች ሴት ልማር ብላ ስትመጣ፣ ሴትም ናት፣ የውጭ ሀገር ሰውም ናት ብለው አልቀበልም አሏት፤ የማይሶሩ ንጉሥ አማላጅ ገብተው ነው የተቀበሏት። እሷ ግን ኋላ ሆሊውድ ላይ ትምህርት ቤት ከፈተችና የፊልም ተዋናዮቹን ሁሉ መሬት ላይ አስተኛቻቸው። ዛሬ በክፍልዎ ውስጥ ሴቶቹ ከበዙ፣ ያን ጊዜ ከበር የተመለሰችው ሴት ብድሯን መልሳለች ማለት ነው።

ከመጀመሩ በፊት አሰልጣኟ «ጉዳት ወይም ሕመም ያለበት ሰው አለ?» ብላ ትጠይቃለች። እዚህ ላይ ቀልድ ላቁም፤ ክፍሉ ውስጥ ይሉኝታ ከሁሉ ይልቅ አደገኛ የሚሆንበት ቦታ ይህ ነውና። ጥያቄው ሲቀርብ ሁሉም ዝም ይላል። አሰልጣኟ ወደ አንድ ሸበቶ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» ስትል «እግዚአብሔር ይመስገን!» ይሏታል። እኛ እኮ ሐኪም ቤት ተኝተንም ይህንኑ ነው የምንለው። ልጅቷም ምስጋናውን ለጤና ማስረጃ ወስዳ ታልፋለች። የደም ግፊት ወይም ግላኮማ ያለበት ሰው ጭንቅላት ከልብ በታች በሚውልባቸው አቀማመጦች ሊጎዳ ይችላል፤ ዲስኩ የተንሸራተተ ሰው ወገቡን እንዳሻው መቆልመም የለበትም፤ ነፍሰ ጡርም ጭራሽ የማትሠራቸው አሉ። ባለ ሕመም ከሆኑ በቅድሚያ ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ከዚያ ቀደም ብለው ይድረሱና ለአሰልጣኟ ለብቻዋ ይንገሯት። በነካ እጅዎ፣ በእጅ ነክቶ የማስተካከል ልማድ ያላቸው አሰልጣኞችም አሉና መነካት ካልፈለጉ «አይንኩኝ» ማለት መብትዎ ነው። ደህና አሰልጣኝ አይቀየምም።

የሃይማኖት ጥያቄ ሳይነሣ አያልፍም፤ ባያነሡት እንኳ እቤት ያነሡብዎታል። ዮጋ የበቀለው ከህንድ ፍልስፍናና እምነት አፈር ነው፤ ይህን መካድ ተገቢ አይደለም። ፓታንጃሊ ባሰናዱት ጥንታዊ የዮጋ ድርሰት ውስጥ ከ190 በላይ አጫጭር አንቀጾች ሲኖሩ፣ ስለ ሰውነት አቀማመጥ የሚናገሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የቀረው ስለ አእምሮ፣ ስለ ምግባርና ስለ ተመስጦ ነው። ዛሬ በየጂሙ የሚሠራው ደግሞ በአብዛኛው ያ አይደለም። ተመራማሪዎች እንደሚሉት የአሁኑ ቁም፣ ተቀመጥ፣ ተዘርጋ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአውሮፓ ጂምናስቲክም ብዙ ወስዷል። አንዳንድ ክፍል ውስጥ «ኦም» እያሉ ያዜማሉ፤ አንዳንዱ ውስጥ የለም። ማዜም ካልፈለጉ ዝም ይበሉ፤ ማንም አያስገድድዎትም። ኅሊናዎ ከከበደው ከመመዝገብዎ በፊት የክፍሉን ጠባይ ይጠይቁ። ከዚህ በላይ ፍርድ መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም።

አንድ ነገር ግን አስባለሁ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመንና ከዚያም በኋላ ህንዳውያን መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ አስተምረውናል። ያ ሁሉ ተማሪ አልጀብራ ብቻ ጠይቆ ተመለሰ፤ ዛሬ ጡረታ ወጥቶ፣ ወገቡን ይዞ፣ ያኔ ያልጠየቀውን ከልጁ እኩያ በክፍያ ይማራል።

ክፍሉ ይጀምራል። «ወደ ውስጥ ሳቡ… አስወጡ።» በአፍንጫ ነው፤ በዝግታ። መተንፈስ ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው ብለው እንዳይንቁት፤ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። አዲስ ሰው አቀማመጡ ጠንከር ባለ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል፤ ጥርሱን ይነክሳል፤ የታችኛው መንጋጋው ለጭኑ ምን እንደሚያግዝለት አይገባኝም። ትንፋሽን ረዘም አድርጎ ማስወጣት የልብ ምትን ያረጋጋል፤ ሰውነት የሚለሰልሰውም ያኔ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የምትበልጥ ስለሆነች፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ ቶሎ ቢያለከልክ አይፈረድበትም። እኛ ተወላጆቹ ግን በከፍታው ማሳበብ አንችልም።

ከዚያ ውሻው ይመጣል። አቀርቃሪው ውሻ ይሉታል። መዳፍዎን መሬት ላይ ተክለው፣ ዳሌዎን ወደ ጣሪያ ሰቅለው፣ የፊደላችንን «ለ» መስለው ይቆማሉ። አሰልጣኟ «ይህ የዕረፍት አቀማመጥ ነው» ትላለች። እጅዎ ይንቀጠቀጣል፣ ላብዎ በአፍንጫዎ በኩል ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል፣ እሷ ግን «ዕረፉበት» ትላለች። ውሸቷን አይደለም፤ ከወራት በኋላ የምር ያርፉበታል። ለዛሬው ግን ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉት፤ ተረከዝዎ መሬት ካልነካ ይተዉት፤ ዋናው የጀርባዎ መዘርጋት ነው። ብዙ ሰው የሰነፈ እንዳይመስልበት ብሎ ጉልበቱን ያቀናና ወገቡን ያጎብጣል፤ ሊያስታምም የመጣውን ወገብ ማለት ነው።

አሰልጣኟ በዚህ መሐል የምትሰጣቸው ትእዛዞች ለብቻቸው ወግ ይወጣቸዋል። «እምብርታችሁን ወደ አከርካሪያችሁ ሳቡ።» «በጎን አጥንቶቻችሁ ተንፍሱ።» «የእግራችሁን ጣቶች አንድ በአንድ ዘርጉ።» እግሬ ላይ ያሉት ጣቶች ተለያይተው ትእዛዝ እንዲቀበሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቁት ያኔ ነው፤ አንዱም አልሰማም። ያልገባዎትን ትእዛዝ ይለፉት። ቀኝና ግራዎ ቢምታታብዎ አይደንግጡ፤ ከፊትዎ ያለውም ተምታቶበታል፤ እርስዎ ደግሞ እሱን እየኮረጁ ነው።

በአንድ እግር መቆም ሲመጣ ክፍሉ ይናወጣል። ዛፍ ይሉታል፤ አንዱን እግር ተክሎ የሌላውን መርገጫ ከባት ወይም ከጭን ውስጠኛ ክፍል ጋር ማጣበቅ ነው፤ ጉልበት ላይ ግን አይደለም፤ መገጣጠሚያውን በጎን መግፋት ይጎዳዋል። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል፣ ሰባት ዓመት በአንድ እግር ቆመው መጸለያቸውን፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማ ያደገ ሰው ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላው ሲወላገድ እምነቱ ሁሉ ይጠነክራል። ዘዴው ዓይን ላይ ነው። ከፊትዎ ያለ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የመብራት ማብሪያውን ይዩ። የሚወዛወዝ ጎረቤት ያየ ሰው አብሮ ይወዛወዛል። ቢወድቁ ደግሞ ተነሥተው እንደገና መቆም ነው፤ «ይቅርታ» የሚባል ነገር የለም። እኛ ግን ወድቀን «ይቅርታ» እንላለን፤ መሬቱን ይሁን ማንን እንደሆነ እንጃ።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ቁጢጥ ማለት ነው። ተረከዝ ሳይነሣ፣ ጉልበት ተከፍቶ፣ ዳሌ እስከ መሬት ወርዶ። ህንዶቹ ማላሳና ይሉታል። የቢሮ ሰው ይህን ሲሞክር ወይ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ወይ ተረከዙ ተነሥቶ ጣቱ ላይ ይንጠለጠላል። ከገጠር ለጥየቃ የመጡ አያቱ ግን ሰባ ዓመት አልፏቸው እሳት ሲቆሰቁሱ፣ ምስር ሲለቅሙ፣ ሰው ሲያሙ በዚህ አቀማመጥ ግማሽ ቀን ይውላሉ። ጤፍ የሚያጭድ ገበሬም ከወገቡ ታጥፎ የሚውለው የአሰልጣኝ ቆጠራ ሳይኖርለት ነው። ከተማ ገብተን ሶፋ ስንገዛ ያጣነውን ነገር ነው በወር ክፍያ መልሰን የምንሸምተው።

እንግዲህ ሰውነት እምቢ ሲል መደገፊያዎች አሉ፦ መሬቱን ወደ እጅዎ የሚያቀርብ ጠንካራ የስፖንጅ ወይም የእንጨት ብሎክ፣ እግር የሚያስይዝ ቀበቶ፣ ትራስ፣ ብርድ ልብስ። አገልግሎታቸውን ያስፋፉት ከላይ ያነሣኋቸው አየንጋር ናቸው፤ ታሞ የሚያውቅ ሰው የሚያስበው ነገር ነው። አሰልጣኟ ብሎክ ይዛ ስትመጣ ግን የሚሆነውን ልንገርዎ። «ይህን ይጠቀሙ» ትላለች። «ግድ የለም፣ ተዪው» ይሏታል። «ይቀልልዎታል እኮ» ትላለች። «ኧረ በቃኝ፣ ይመስገን!» ይሏታል። ሰው ቤት ሄደን እንጀራ ሲጨመርልን የምንሟገተውን ሙግት ነው እዚያ ተንጠልጥለን የምንደግመው። ልዩነቱ፣ እሷ ሦስተኛ ጊዜ አትለምንም፤ ብሎኩን ይዛ ትሄዳለች። መጀመሪያ ሲሰጥዎ ይቀበሉ።

ወደ ጎን ማየትም ያው የይሉኝታ ልጅ ነው። ከጎንዎ ያለችው ወጣት ሆዷ ጭኗ ላይ ተኝቶ፣ ግንባሯ ከጉልበቷ አልፎ ሲወርድ ያያሉ፤ እርስዎ እጅዎ ከባትዎ አልወረደም። ተያይዞ የሚመጣው ግፊት ጡንቻ የሚበጥሰው ነው። የጭን የኋላ ጡንቻ ሲሳብ የሚሰማ ግትርነት ደግ ነው፤ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ ሕመም ግን «አቁም» ማለት ነው፤ አሰልጣኟ ምንም ብትል ያቁሙ። ሲደክምዎት ጉልበትዎን አጥፈው፣ ግንባርዎን መሬት አስነክተው ይረፉ፤ የሕፃን አቀማመጥ ይባላል፤ በማንኛውም ሰዓት ያለ ፈቃድ ይገባበታል። በስቅለት ዕለት ሲሰግድ የዋለ ሰው ይህን ቅርጽ ጉልበቱ ያውቀዋል፤ በማግስቱ የሚመጣውን የጭን ሕመምም እንዲሁ።

መጨረሻ ላይ ሬሳው አለ። አልቀለድኩም፤ ሻቫሳና የሚሉት የሬሳ አቀማመጥ ነው። በጀርባ መጋደም፣ እጅና እግርን መልቀቅ፣ ዓይንን ጨፍኖ አምስት አሥር ደቂቃ አለመንቀሳቀስ። ጥንታዊ ነው፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በነገሡበት ክፍለ ዘመን፣ እንደተጻፈ በሚነገርለት የሃታ ዮጋ መጽሐፍ ውስጥ ሳይቀር አለ። ለአበሻ ጆሮ ግን ትልቅ ሟርት ነው። አንዲት አሰልጣኝ ሟርቱን ለመሸሽ ብላ «አሁን ወደ መጨረሻው ዕረፍታችን እንሄዳለን» ስትል ሰምቻለሁ፤ ጥግ ላይ የነበሩ አንዲት እናት አማትበው ብድግ አሉ።

ከተጋደሙ በኋላ ደግሞ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛው እንቅልፍ የሚወስደው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ታክሲ ሲሰለፍና አለቃ ሲታዘዝ የዋለ ሰው መሬት ላይ ሲጋደም ያንኮራፋል፤ ማንም አይቀሰቅሰውም። ሁለተኛው እንቅልፉም ዕረፍቱም የማይመጣለት ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የቤት ኪራይ ያሰላል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይደምራል፣ «ሰውየው ያን ያለኝ ለምን ይሆን?» ይላል። ከዚያ ሁሉ መወጠር ይልቅ ይህ ዝም ብሎ መተኛት እንደሚከብድ የሚታወቀው እዚህ ነው። ሥራ የማይሠራ እጅ ያሳፍረናላ! ስልክዎን ግን አጥፍተው ይግቡ። ዝምታው በጸናበት ሰዓት የዕድር ጸሐፊ ሲደውል፣ ሬሳው ሁሉ ይነሣል።

ሲያልቅ አሰልጣኟ መዳፎቿን ደረቷ ላይ አጋጥማ ጎንበስ ብላ «ናማስቴ» ትላለች። እጅ መንሣት ማንም አያስተምረንም፤ ከልምድ ብዛት ከእሷ ዝቅ ብለው እንዳይወድቁ ብቻ ይጠንቀቁ። የተዋሱትን ምንጣፍ ጠርገው፣ ጠቅልለው ይመልሱ።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት መቅመስ ካሻዎት፣ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጀው ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን በየዓመቱ ሰኔ 14 ይከበራል፤ የህንድ ኤምባሲዎች በየሀገሩ በዕለቱ ሕዝብ ሰብስበው ያሠራሉ። ሲመዘገቡ ደግሞ «ለጀማሪ» የተባለውን ይምረጡ። ቪንያሳ የሚሉት እየተጣደፈ ያልፍዎታል፤ ቢክራም የሚሉት በ40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ 90 ደቂቃ የሚያንገላታ ነው፤ ለመጀመሪያ ቀን አይመከርም።

በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ፣ እንዳለዎት የማያውቁት ጡንቻ ሁሉ ይጣራል። በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል። ከመጀመሪያው ክፍል ተነሥተው «ለእኔ አይሆንም» ብለው አይፍረዱ፤ ያን ቀን ያዩት ሰውን እንጂ ዮጋውን አይደለም። ሁለተኛውን ክፍል በዚያው ሳምንት ይያዙ።